በጠረጴዛው ዙሪያ ያልተቀመጡ ዳኞች

(ድምፅ፦ ዳይስ በእንጨት ጠረጴዛ ላይ ሲንከባለል፤ የወጣቶች ሳቅ)

ተራኪ፦ አምስት ጓደኛሞች አንድ ጠረጴዛ ከበዋል። ፊታቸው ወረቀት፣ እርሳስና በየጎናቸው ቁጥር የተጻፈባቸው ዳይሶች ተዘርግተዋል። ጨዋታውን የሚመራው ልጅ ታሪኩን ይቀጥላል፤ «የብረቱ በር ተቆልፏል። ከውስጥ ሰንሰለት ሲጎተት ይሰማል። ምን ታደርጋላችሁ?» የሌባ ገጸ ባሕርይ የያዘችው ልጅ ቁልፉን በሽቦ ልትሞክረው ትወስናለች። ሃያ ጎን ያለውን ዳይስ ትወረውራለች። 17! በሩ ተከፈተ፤ ጠረጴዛው በጩኸት ተናጋ።

ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ማለት ይኸው ነው። አንዱ ጦረኛ፣ ሌላው አስማተኛ፣ ሌላው ካህን ሆኖ አንድ ታሪክ አብረው ይፈጥራሉ። አሸናፊም ተሸናፊም የለም። ከአርባ ዓመት በፊት ግን በብዙ የአሜሪካ ቤቶች ልጅ ይህን ሲጫወት መገኘቱ ለወላጅ ድንጋጤ፣ ለሰባኪ የስብከት ርእስ፣ ለትምህርት ቤት ደግሞ የስብሰባ አጀንዳ ነበር።

ጨዋታውን የፈጠሩት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። ጋይጋክስ እ.ኤ.አ. በ1970 ከኢንሹራንስ ሥራው ከወጣ በኋላ ቤተሰቡን ጫማ እየጠገነ ሲረዳ የቆየ፣ የጦርነት ጨዋታና የጥንት ታሪክ ወዳድ ሰው ነበር። በ1974 በዊስኮንሲን ግዛት፣ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ የመጀመሪያዎቹን 1,000 ቅጂዎች አሳተሙ። ጨዋታው ቀስ በቀስ በዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ፤ ብዙም ሳይቆይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እጅ ገባ።

ነሐሴ 1979 ላይ አንድ ልጅ ጠፋ።

ዕድሜው 16 ነበር። በዕውቀቱ ከእኩዮቹ ቀድሞ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ነው። ቤተሰቡ የቀጠረው የግል መርማሪ ዊልያም ዲር ልጁ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንደሚጫወት ሲሰማ አንድ መላ ምት ይዞ ብቅ አለ፤ ምናልባት ጨዋታውን በእውን ሊጫወት ብሎ ከግቢው ሥር ባሉት የእንፋሎት ቧንቧ ዋሻዎች ገብቶ ጠፍቶ ይሆናል የሚል። ጋዜጦች ይህን ተቀብለው አራገቡት። ልጁ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ የተገኘው ግን በሉዊዚያና ግዛት ነው። በማግስቱ ዓመት ራሱን አጠፋ።

ዲር በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ የተገለጸው ታሪክ ሌላ ነው፤ ብቸኝነት፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ አደንዛዥ ዕፅና ልጁ ሊሸከመው ያልቻለው የትምህርት ጫና። በዋሻው የገባውም ሊጫወት ሳይሆን ሕይወቱን ሊያጠፋ ነበር። ይህ እስኪነገር ድረስ ግን አምስት ዓመት አልፏል። በዚያ መሐል ስለ ዋሻው የተወራው ልብ ወለድ ሆኖ በ1981 ታትሟል፤ በ1982 ደግሞ ወጣቱ ቶም ሃንክስ የተወነበት የቴሌቪዥን ፊልም ሆኗል። የብዙ ወላጆች አእምሮ ውስጥ የቀረው ያ ፊልም ነው። በጣም የሚያሳዝነውም እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ስለ ጨዋታው ሲያወራ፣ ያ ልጅ ምን ያሠቃየው እንደነበር የጠየቀ ጥቂት ነው።

(ሙዚቃ፦ ዝቅ ብሎ ይገባል)

በዚያው በ1982 በቨርጂንያ ፓትሪሺያ ፑሊንግ የተባሉ እናት ልጃቸውን በተመሳሳይ ሁኔታ አጡ። ጥፋቱ በትምህርት ቤት በተደረገ ጨዋታ ላይ የተነገረ እርግማን ነው ብለው አመኑ። የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር ከሰሱ፤ ክሱ ውድቅ ሆነ። ከዚያም ጨዋታውን የሚቃወም ማኅበር አቋቋሙ፤ በየአዳራሹ ተናገሩ፤ ለፖሊሶች ማብራሪያ ሰጡ፤ በ1985 በሲክስቲ ሚኒትስ ፕሮግራም ቀረቡ። በዚያው ፕሮግራም ጋይጋክስም ጨዋታውን ለመከላከል ተናግሯል።

የእኚህ እናት ሐዘን እውነተኛ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ሐዘን ግን ማስረጃ አይሆንም። ሴትዮዋ ለአንድ ጋዜጠኛ ከሪችመንድ አካባቢ ነዋሪ 8 በመቶው ሰይጣን አምላኪ ነው ብለው ነበር። ስሌታቸው ሲጠየቅ፣ ከወጣቶች 4 በመቶ፣ ከአዋቂዎች 4 በመቶ፣ ሲደመር 8 የሚል ሆኖ ተገኘ። የሁለቱ ቡድኖች አራት አራት በመቶ ግን ከጠቅላላው ሕዝብ ያው 4 በመቶ ነው። ይህን የመሰሉ ስሕተቶችን እየነቀሰ በ1990 ዘገባ ያወጣው ማይክል ስታክፖል፣ ራሱ የጨዋታ ደራሲ ነው። ክሱን ለመመርመር የተነሳው ከሚከሰሱት መካከል አንዱ መሆኑ ብዙ ይናገራል።

ጫናው ፍሬ አፍርቷል። በዩታ ግዛት ሂበር ሲቲ ትምህርት ቤት ከክፍል ውጭ ይካሄድ የነበረው ጨዋታ ገና በ1980 በወላጆች ተቃውሞ ተዘግቶ ነበር። አሳታሚው ድርጅትም በ1989 ባወጣው ሁለተኛ እትም ላይ አጋንንትና ሰይጣናት የሚሉትን ስሞች አውጥቶ በፈጠራ ስሞች ተካቸው። የቀድሞዎቹ ስሞች በ2000 በወጣው ሦስተኛ እትም ተመልሰዋል።

ጥርጣሬው ግን በየቦታው መልኩን እየለወጠ ቆይቷል። በ2005 የእስራኤሉ ዋይኔት እንደዘገበው፣ የአገሪቱ ጦር ይህን ጨዋታ የሚጫወቱ ምልምሎችን ከእውነታ የራቁና በቀላሉ የሚታለሉ ናቸው በሚል ዝቅተኛ የደኅንነት ደረጃ ይሰጣቸው ነበር።

በዊስኮንሲን፣ ጨዋታው በተወለደበት ግዛት፣ ዋፐን በሚባለው ማረሚያ ቤት አንድ እስረኛ በእጁ የጻፈው 96 ገጽ የጨዋታ ታሪክ ተወረሰበት። ማረሚያ ቤቱ የሰጠው ምክንያት፣ አንድ መሪ ያለው ጨዋታ የወሮበላ ቡድን አደረጃጀትን ያለማምዳል የሚል ነው። እስረኛው ከሌሎች እስረኞችና ከጨዋታው ባለሙያዎች 15 የቃለ መሐላ ማስረጃዎች አሰባስቦ ተከራከረ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በጥር 2010 እገዳውን አጸናው። በውሳኔው ላይ እንደሰፈረው፣ ጨዋታው ከዚያ በፊት ወደ ወሮበላነት የመራው ሰው አለመኖሩን የማረሚያ ቤቱ ኃላፊዎች ራሳቸው አምነዋል።