ናፍጣው የት ገባ?

ወሎ ሰፈር ካለው ቢሮአችን አዳማ የምትመላለሰው ላንድክሩዘር ስትመለስ ሁልጊዜ ከመሄጃዋ የበለጠ ናፍጣ ትጠጣለች። ሾፌሩን ጠረጠርኩ። ከደመወዙ ልቆርጥበትም አስቤ ነበር። (ሾፌር ለመጠርጠር መቼም ማስረጃ አንጠይቅም።)

ነገሩ ወዲህ ነው። አዲስ አበባ ከአዳማ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ይህን ሽቅብ ሲወጣ፣ ለከፍታው ብቻ ከአንድ ሊትር በላይ ናፍጣ ያቃጥላል። ስለዚህ ፍጆታው መለካት ያለበት በደርሶ መልስ ነው፤ ከአንድ ማደያ ሞልቶ መውጣት፣ ተመልሶም እዚያው መሙላት።

ሌላው ፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዳማ የፍጥነት መንገድ ነዳጅ ያስረግጣል። ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከፍ ሲሉ ፍጥነቱ የጨመረው በሩብ ነው፤ የነፋሱ ግፊት ግን ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ግንባሯ እንደ ግድግዳ ለቆመ፣ በዚያ ላይ ባዶ ፖርቶ መጋላ ለተሸከመች መኪና ይህ ቀላል አይደለም።

ባለፈው አብሬው ሄጄ በ80 አስነዳሁት፤ ከወትሮው ያነሰ ናፍጣ ሞላን። ሾፌሩን ይቅርታ ጠየቅኩት። ፖርቶ መጋላውንም በማግስቱ አስወረድኩ።