ጨረር ያለበት የምርመራ መርፌ፦ ቴክኒሺየም ምንድን ነው?

በካምፑ ሬዲዮ ከቀረበው የጤና ዝግጅት የተወሰደ



ከካምፑ ክሊኒክ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር የተጻፈለት ሰው «ጨረር ያለበት መርፌ ትወጋለህ» ቢባል መደንገጡ አይቀርም። ጎረቤትም «ልጆች አይጠጉት» ሊል ይችላል። ነገር ግን ፈርቶ ከቀጠሮው የቀረ ሰው ሕመሙ ሳይታወቅለት ይቆያል። ስለዚህ በዛሬው ዝግጅታችን ለዚህ ምርመራ ከሁሉም በላይ ስለሚያገለግለው ቴክኒሺየም ስለተባለው ንጥረ ነገር እናስረዳችኋለን።

ከየት ይመጣል?

ቴክኒሺየም እንደ ብረትና እንደ መዳብ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ አይደለም። በተፈጥሮ ከሞላ ጎደል አይገኝም፤ ሰው የሚሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ካርሎ ፔሪየርና ኤሚሊዮ ሴግሬ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በጣሊያን አገር በፓሌርሞ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ አገኙት። በሰው እጅ ተሠርተው ከታወቁት ንጥረ ነገሮች የመጀመሪያው በመሆኑ ስሙም በግሪክኛ «ሰው ሠራሽ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው።

ለሆስፒታል የሚያገለግለው ዓይነት ቴክኒሺየም-99ኤም ይባላል። የሚገኘውም ሞሊብዲነም ከተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ነው። ሞሊብዲነሙ እንደ ደቡብ አፍሪካ፣ ቤልጂየምና ኔዘርላንድስ ባሉ ጥቂት አገሮች በኒውክሌር ማብለያ ውስጥ ተዘጋጅቶ፣ በእርሳስ በተሸፈነ ዕቃ ታሽጎ ይላካል። ባለሙያዎቹ ላም እንደሚታለብ ሁሉ ከዚያ ዕቃ ቴክኒሺየሙን በየዕለቱ ይቀዳሉ። ሞሊብዲነሙ ግን በ66 ሰዓት ውስጥ በግማሽ ስለሚቀንስ ለወራት አይቀመጥም። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 በካናዳና በኔዘርላንድስ ያሉ ማብለያዎች ለጥገና በቆሙ ጊዜ በዓለም ዙሪያ እጥረት ተፈጥሮ ነበር። እንግዲህ ቀጠሮአችሁ «መድኃኒቱ አልደረሰም» ተብሎ ቢዛወር ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

እንዴት ይሠራል?

በጣም ትንሽ መጠን በደም ሥር ይሰጣል። ለአጥንት ሲፈለግ ወደ አጥንት ከሚሄድ መድኃኒት ጋር፣ ለኩላሊት ሲፈለግ ወደ ኩላሊት ከሚሄድ ጋር ይቀላቀላል። የእንቅርት ዕጢ ግን ቴክኒሺየሙን እንደ አዮዲን ቆጥሮ በራሱ ይስበዋል። ከዚያ ልዩ ካሜራ ከሰውነት የሚወጣውን ጨረር ተቀብሎ ሥዕል ያወጣል። ካሜራው ራሱ ጨረር አይለቅም፤ የሚቀበል ብቻ ነው። ተራ ራጅ የአጥንቱን ቅርጽ ሲያሳይ፣ ይህ ምርመራ አካሉ እንዴት እየሠራ እንዳለ ያሳያል። ከእንቅርቱ የትኛው ክፍል ከልክ በላይ እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደማይሠራ ይለያል።

ጨረሩ በሰውነት ውስጥ ይቀራል?

አይቀርም። ቴክኒሺየም-99ኤም በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 16 ኩባያ ነበር ብላችሁ አስቡ፤ ከ6 ሰዓት በኋላ 8፣ ከ12 ሰዓት በኋላ 4፣ ከ18 ሰዓት በኋላ 2፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት 1 ኩባያ ብቻ ይቀራል። ከፊሉ ደግሞ በሽንት ስለሚወጣ ከዚህም ያንሳል። ለእንቅርት ምርመራ የሚሰጠው መጠን ማንኛውም ሰው ከአፈር፣ ከድንጋይና ከሰማይ በዓመት ከሚያገኘው ጨረር ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ለአጥንት የሚሰጠው ከዚያ ከፍ ይላል። ጨረሩ እንደ ጉንፋን አይተላለፍም። ከቤተሰብ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት፣ በአንድ ቤት ማደር ይቻላል።

ምን ማድረግ አለባችሁ?

• እርጉዝ ከሆናችሁ፣ ወይም የወር አበባ ከቀረባችሁ፣ ከመርፌው በፊት ተናገሩ። ማፈር አያስፈልግም።
• የምታጠቡ እናቶች አስቀድማችሁ ጠይቁ። እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ለተወሰኑ ሰዓታት ጡት አትስጡ ልትባሉ ትችላላችሁ። አስቀድሞ የታለበ ወተት መያዝ ይጠቅማል።
• በሰዓቱ ድረሱ። የተዘጋጀው መርፌ ለሳምንት አይቆይም። የአጥንት ምርመራ ከመርፌው በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ስለሚያስጠብቅ ለመመለሻ መኪናው አስቀድማችሁ ንገሩ።
• ሐኪም ካልከለከላችሁ ውኃ በብዛት ጠጡ፤ ቶሎ ቶሎ ሽኑ፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።
• በሪሴትልመንት ለመብረር ቀን የተቆረጠላችሁ ከሆነ ከሆስፒታሉ ማስረጃ ወረቀት ያዙ። አንዳንድ አውሮፕላን ማረፊያዎች ጨረር የሚለይ መሣሪያ ስላላቸው ለጥቂት ቀናት ሊጮህባችሁ ይችላል።

ማሳሰቢያ

ቴክኒሺየም መመርመሪያ እንጂ ማዳኛ አይደለም። ለእንቅርት ሕክምና የሚሰጠው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሌላ ነው፤ ጥንቃቄውም ይጠብቃል። እሱን የወሰደ ሰው ለቀናት ከሕፃናትና ከእርጉዞች እንዲርቅ ይታዘዛል፤ የምታጠባ እናትም ያንን ልጅ ማጥባት ታቆማለች። ስለዚህ «የሚሰጠኝ ለምርመራ ነው ወይስ ለሕክምና?» ብላችሁ ጠይቁ። የአገሩን ቋንቋ የማትችሉ ከሆነ ከክሊኒኩ ስትነሡ አስተርጓሚ እንዲመደብላችሁ አሳስቡ።

ውድ አድማጮች፣ ይህን ወረቀት ሪፈር ለተጻፈለት ጎረቤታችሁ አንብቡለት።