ሰላምን መማር፦ የኤሊዝ ቦልዲንግ ትምህርት

ሰላም ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የተኩስ መቆም ነው። ስምምነት ሲፈረም ሥራው ያለቀ ይመስለናል። ከ1920 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. የኖሩት የሶሺዮሎጂ ምሁርና መምህርት ኤሊዝ ቦልዲንግ በመጻሕፍታቸው የሚያስረዱት ግን ከዚህ ይለያል። ለእሳቸው ሰላም ሰዎች ልዩነታቸውን ሳይገዳደሉ የሚይዙበት የዕለት ተዕለት ችሎታ ነው። ችሎታ ከሆነ ደግሞ ይማሩታል፣ ይለማመዱታል፤ ቸል ካሉትም ይጠፋል።

ሐሳቡ ከኩዌከር እምነታቸውና ከዘመናቸው የበቀለ ነው። ኩዌከሮች በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የተነሡ፣ በእያንዳንዱ ሰው ልብ የእግዚአብሔር ብርሃን አለ ብለው በማመናቸው ጦር አናነሣም ያሉ ክርስቲያኖች ናቸው። ኦስሎ ተወልደው በሕፃንነታቸው ወደ አሜሪካ የሄዱት ቦልዲንግ፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ኖርዌይ መሸሸጊያ ትሆናለች ብለው ያስቡ ነበር። በ1940 ናዚ ጀርመን ኖርዌይን ስትወር ተስፋቸው ፈረሰ፤ ዓለም ሁሉ ሰላም ካላገኘ የትም መሸሸጊያ እንደሌለ ተረዱ። በ1941 ኩዌከሩን የኢኮኖሚ ምሁር ኬኔት ቦልዲንግን አግብተው አምስት ልጆች አሳደጉ፤ ዶክትሬታቸውን ያገኙት በ1969 ነው። የቤት ሕይወትን ከምርምራቸው አለመነጠላቸው ጥንካሬያቸው ሆነ፤ ሰው መደራደርን፣ መታገሥንና መታረቅን መጀመሪያ የሚማረው በቤተሰብ ውስጥ መሆኑን አጥብቀው ጽፈዋልና።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል፦ ታሪክ የጦርነት ታሪክ አይደለምን? ቦልዲንግ በ2000 ባሳተሙት የሰላም ባህሎች መጽሐፍ የሚመልሱት፣ ጦርነት የታሪክ ጸሐፊዎችን ዓይን ስለሳበ እንጂ የኑሮው ሁሉ ማሰሪያ ስለሆነ አይደለም ብለው ነው። ማኅበረሰብ ከትውልድ ትውልድ የሚቀጥለው አብዛኛው ሰው አብዛኛውን ቀን ሲያርስ፣ ሲነግድ፣ ልጅ ሲያሳድግና የተጣላን ሲያስታርቅ ስለሚውል ነው። ይህ ሥራ፣ በተለይም የሴቶች ድርሻ፣ ሳይጻፍ ስለቀረ ተማሪው ሰላምን እንግዳ ነገር አድርጎ ያድጋል። ስለዚህ የታሪክ ትምህርት ራሱ መታረም አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፦ ታንክ በራፍ ላይ ሲቆም ሥልጠና ምን ይፈይዳል? በእርግጥ የተጀመረን ወረራ የክፍል ትምህርት አያስቆመውም፤ ፍትሕ ለተነፈገ ሰውም ትዕግሥትን ብቻ መስበክ ግፍ ነው። ነገር ግን ጦርነት ዓመታት የፈጀ ዝግጅት ውጤት ነው፤ ጦር ኃይሎች ወጣቶችን ለዚያ ቀን በጊዜ ያሠለጥናሉ። ሰላምም ቀደም ብሎ ካልተዘጋጁለት በቀውስ ሰዓት ከየትም አይመጣም። የቦልዲንግ ዐውደ ጥናቶች ያደርጉ የነበረው ይህንኑ ዝግጅት ነው። ተሳታፊዎች ከ30 ዓመት በኋላ የጦር መሣሪያ የሌለበትን ዓለም፣ ትምህርት ቤቱንና ዳኝነቱን ሳይቀር በዝርዝር ያስባሉ። ከዚያ ወደ ኋላ እየተመለሱ ለዚያ ያበቁትን እርምጃዎች በየዓመቱ ይደረድራሉ፤ በመጨረሻም ዛሬ ከየራሳቸው የሚጠበቀውን ይወስናሉ።

ስለዚህ የሰላም ትምህርትን በበዓል ቀን ንግግር መወጣት አይቻልም። እንደ ሒሳብ የራሱ ሰዓት፣ የሠለጠነ መምህርና በክፍል ውስጥ በእውነተኛ አለመግባባት ላይ የሚደረግ ልምምድ ያስፈልገዋል። ይህን የነፈግነው ልጅ አድጎ መደራደር ቢያቅተው ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።