ስለ ሙሽራ ሹሩባና ስለ ቀብድ

በነሐሴ ወር፣ ጾመ ፍልሰታ ሲፈጸም፣ ልጃገረዶች ጠጉራቸውን ተሠርተው፣ ዐይናቸውን ተኩለው ሶለል በሚጫወቱባት በቆቦ፣ ሙሽራን ማስጌጥ የዘመድና የጎረቤት ግብር ነበረ፤ ሠሪዋ አክስት ወይም ባልንጀራ በመሆኗም ዋጋዋ ምርቃት፣ ዋስትናዋም ዝምድና ነበረ። ዛሬ ግን ሥራው ወደ ውበት ሳሎን እየተሻገረ ሄዷል፤ ሰርግም ዐቢይ ጾም ሳይገባ በጥር ስለሚበዛ፣ አንዲት ባለሙያ ለአንድ ማለዳ ለሁለት ሙሽሮች ቃል የምትገባበት ፈተና ይመጣል።

ለዚህ የሚበጀው ቀብድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 እንደሚደነግገው፣ ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ ግን ዕጥፉን ይመልሳል። ሙሽራን የሚጠብቀው ይህ ሁለተኛው ድንጋጌ ከመጀመሪያው ይልቅ ተዘንግቶ መቅረቱ እጅግ ያሳዝነኛል። ስለዚህ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የሚዜዎቹን ቁጥር፣ ሹሩባው በዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባቱን፣ እንዲሁም ባለሙያዋ ብትታመም ማን እንደምትተካት በአንዲት ገጽ ጽፎ፣ በምስክር ፊት ፈርሞ፣ ገንዘቡን በደረሰኝ መስጠት ይገባል፤ ሥራው ሲፈጸምም ቀብዱ ከጠቅላላው ዋጋ ላይ ይታሰባል።