ያገለገለ መኪና ተሳቢ ሲጎትት፦ የፋብሪካ ማያያዣ ወይስ የመርካቶ ብየዳ?

አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ያገለገለ የመስክ መኪና ሲገዛ ብዙውን ጊዜ ቀጥሎ የሚያስበው ባለሁለት ጎማ ተሳቢ ስለ መጨመር ነው። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና የውኃ ፓምፕ ወደ አባላቱ የሚደርሱት በዚሁ ነውና። ተሳቢው በምን ይያያዝ የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ሰዓት ይታሰባል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ቁልቁለት ላይ ከመኪናው የተላቀቀ ተሳቢ መሪም ፍሬንም የለውም። ከፊቱ የሚያገኘው ደግሞ ከገበያ የሚመለሰውን እግረኛ ነው። ስለዚህ የልማት ሠራተኞችና የማኅበራት ኃላፊዎች ከመግዛታቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባውን ከዚህ በታች እናስረዳለን።

ማያያዣ ፍለጋ አዲስ አበባ የመጣ ገዥን እግሩ የሚያደርሰው አዲስ ከተማ፣ መርካቶ ነው። እንደሚታወቀው በመርካቶ እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ተራ አለው። ሶማሌ ተራ በመኪና መለዋወጫ፣ ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረትን መልሶ ዕቃ በማድረግ ስማቸው የታወቀ ነው። የእነዚህን ባለሙያዎች እጅ የሚንቅ ሰው ሥራቸውን አላየም ማለት ነው። ነገር ግን ምድጃ ቢሰነጠቅ ወጡ ይዘገያል፤ ማያያዣ ቢሰነጠቅ ሰው ይሞታል።

ለገዥው የሚቀርቡት ማያያዣዎች ሦስት ዓይነት ናቸው።

ሀ/ የመኪናው ፋብሪካ የሠራው። ለመኪናው ሻንሲ ተለክቶ የተዘጋጀና በብሎን የሚታሰር ነው። ሆኖም ከተጋጨ መኪና ላይ በእሳት ተቆርጦ እንደገና የተበየደ ከሆነ የፋብሪካ መባሉ ቀርቷል።

ለ/ ሌላ አምራች ለዚያው የመኪና ዓይነት የሠራው። የመሸከም ልኩ የተጻፈበት ሰሌዳ ካለውና በተዘጋጀው የብሎን ቀዳዳ ከታሰረ ከፋብሪካው የሚያንስበት ምክንያት የለም።

ሐ/ በቦታው ከተገኘ ብረት የተበየደ። ዋጋው ይቀንሳል። ነገር ግን የብረቱ ዓይነትና ጥንካሬ አይታወቅም፤ የብየዳው ሙቀትም በዙሪያው ያለውን የሻንሲ ብረት ጠባይ ሊለውጠው ይችላል። ስንጥቁ ከቀለም ሥር ስለሚጀምር ቶሎ አይታይም።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ማያያዣው ከየት መጣ የሚለው ሳይሆን፣ ምን ያህል እንደሚችል ይታወቃል ወይ፣ የታሰረውስ በምን ላይ ነው የሚለው ነው። እንደ ላንድክሩዘር 70 ያሉ መኪናዎች ራሱን የቻለ ሻንሲ አላቸው። እንደ ራቭ ፎር ያሉት ግን አካላቸው ራሱ ሻንሲያቸው ስለሆነ ላሜራው ላይ የተበየደ ማያያዣ ላሜራውን ይዞ ሊገነጠል ይችላል። ፓራውልት ላይ የታሰረ ኳስ በየትኛውም መኪና ተሳቢ መጎተቻ አይሆንም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንሂድ። 12 ኩንታል ማዳበሪያ 1,200 ኪሎ ግራም ነው። የባዶው ተሳቢ ክብደት 300 ኪሎ ግራም ከሆነ ጠቅላላው 1,500 ይሆናል። ብዙ ሰው ጭነቱን ቆጥሮ ተሳቢውን ይረሳል። በአውሮፓ ደንብ ጠቅላላ ክብደቱ ከ750 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። ለእኛም ገደላገደል መንገድ ይህ ጥሩ መለኪያ ነው።

በአውሮፓ ደንብ በተሠራ ማያያዣ ሰሌዳ ላይ ዲ የሚባለው የላቲን ፊደል የመጎተት ልኩን በኪሎኒውተን ያሳያል። የሚያስፈልጋችሁን ልክ ለማግኘት የመኪናውንና የተሳቢውን ጠቅላላ ክብደት በቶን አባዙ፤ ውጤቱን ለሁለቱ ድምር አካፍሉ፤ ከዚያም በ9.81 አባዙ። ለምሳሌ መኪናው 3 ቶን፣ ተሳቢው 1.5 ቶን ቢሆን ብዜቱ 4.5፣ ድምሩም 4.5 ስለሆነ የሚፈለገው 9.81 ኪሎኒውተን ነው። ሰሌዳው ከዚህ ያነሰ ካሳየ አትግዙ። ሆኖም መኪናው ራሱ እንዲጎትት ከተፈቀደለት ክብደት ማለፍ አይገባም።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሚከተሉትን ተመልከቱ።

1. በብሎኑ ራስ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ምልክት ይኑር። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ብሎንና ዳዶው እንደገና ይጥበቅ።

2. የኳሱ ስፋት ይለካ። የ50 ሚሊ ሜትር ኳስ አልቆ 49 ከደረሰ ይለወጥ። የተሳቢው መያዣም ከኳሱ ልክ ጋር አንድ ይሁን።

3. ሁለት የደኅንነት ሰንሰለቶች ከመያዣው በታች ተጠላልፈው ይታሰሩ። የፍሬንና የምልክት መብራት ይሥራ።

4. ጭነቱ ከተሳቢው ጎማ ትንሽ ወደ ፊት ያድላ። ወደ ኋላ ካደላ የመኪናውን ጀርባ ያነሣል፤ ተሳቢውም ይዋልላል።

የመርካቶ ባለሙያ የተሳቢውን አልጋና የጎን ብረት ይሥራ፤ ሥራው ነው፤ ይችልበታልም። ማያያዣው ግን ልኩ የታወቀና በብሎን የታሰረ ይሁን። በግዥ ቀን የተረፈው ብር የአባላት ነው፤ በመንገድ ላይ የሚጠፋው ሕይወትም የአባላት ነው። የማኅበራት የግዥ ኮሚቴዎች ይህን አመዛዝነው እንዲወስኑ፣ የልማት ሠራተኞችም ከግዥው በፊት እንዲያስረዷቸው እናሳስባለን።