ላሜራ ሲታጠፍ ለምን ይጠነክራል?

አንድ ወረቀት በሁለት ብርጭቆዎች ላይ ዘርጉና ስልካችሁን አስቀምጡበት። ይወድቃል (ከታች ትራስ አድርጉ፣ በኋላ እንዳታማርሩኝ)። አሁን ያንኑ ወረቀት እንደ ማራገቢያ ደጋግማችሁ አጥፉትና ድጋሚ ሞክሩ። ይሸከመዋል! ወረቀቱ አልወፈረም፤ ቅርጹ ነው የተቀየረው።

የጣሪያ ቆርቆሮ ሚስጥርም ይኸው ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1829 የፈጠራ መብት ያወጣው በዚህ ሞገድ መሳይ ላሜራ ነበር።

ሥራውን ከነጩኸቱ ማየት የፈለገ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይሂድ። ያገለገለ በርሜል ላይና ታቹ ይቆረጣል፣ ጎኑ ይሰነጠቃል፣ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ጠፍጣፋ ላሜራ ይሆናል። ከዚያ ተለክቶ፣ ተቆርጦ፣ ታጥፎ ምድጃ ወይም ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ላቀች ምድጃን ታውቁት የለ? ውጪው ላሜራ፣ ውስጡ ሸክላ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ማጠፉ ነው። ላሜራን 90 ዲግሪ አጥፋችሁ ስትለቁት ትንሽ ወደኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ባለሙያው ትንሽ አሳልፎ ያጥፈዋል፤ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ እጁ ያውቀዋል። የፍሪጅ አካል በሚሠራበት ፋብሪካ ግን ይህን ሒሳብ የሚሠራው ኮምፒውተር የተገጠመለት ማጠፊያ ማሽን ነው።

አሁን ኪሳችሁን ወደሚነካው ልምጣ፦ ጌጅ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ላሜራው ይሳሳል። 28 ጌጅ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ 32 ጌጅ ደግሞ ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው። በዓይን አይለይም። እኛ ቤት «28 ነው» ተብሎ የተገዛ የኩሽና ቆርቆሮ ገና በመጀመሪያው ክረምት ሚስማሩ ጋ ተቀደደ። ስናስለካው 32 ሆኖ አረፈው። ደረሰኝ ላይ ጌጁን አስጽፉ፤ ካሊፐር ያለው ሰው ካገኛችሁም ከመክፈላችሁ በፊት አስለኩ።

ብየዳ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ደግሞ ይቺን ያዙ። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል። «ወተት ጠጣበት» ይሏችኋል፤ ወተት የሚሄደው ሆድ ነው፣ ጭሱ ያለው ሳንባ ውስጥ። የሚበየደው ቦታ ላይ ያለውን ዚንክ አንሱ፣ አየር የሚያገኝ ቦታ ሥሩ። ነዳጅ የነበረበት በርሜል ደግሞ ባዶ ቢመስልም ውስጡ ትነት አለ፤ በደንብ ሳይታጠብ ብየዳም ሆነ መቁረጫ ካስጠጋችሁበት ይፈነዳል።