ለእጅ ጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ ስለሚገዙ ዕቃዎችና ስለ ሚሞሪ ካርድ አመራረጥ

መሬት በቀላድ ይለካ በነበረበት ዘመን የለኪው መሣሪያ ገመዱ ብቻ ነበር። ገመዱ ቢበጠስ ይቀጠላል፤ የተለካውም ወዲያው በወረቀት ላይ ስለሚሰፍር ገመዱ ቢጠፋ እንኳ ሥራው አይጠፋም ነበር። ዛሬ ግን የእርሻ ሠራተኛውና የመሬት ለኪው በእጅ የሚያዝ ጂ.ፒ.ኤስ. ይዞ የማሳውን ዳርቻ በመዞር ስፋቱን ያውቃል። ይህ መሣሪያ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚላከውን የሬዲዮ ምልክት ተቀብሎ ያለንበትን ሥፍራ የሚያመለክት ነው። ሥፍራውን ከነከፍታው ለይቶ ለማወቅም ቢያንስ የ4 ሳተላይቶች ምልክት ያስፈልገዋል።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 የገጠር ይዞታ በባህላዊና በዘመናዊ መሣሪያ እየተለካ እንዲመዘገብ ደንግጎ ነበር። ስለዚህ በዚህች ትንሽ መሣሪያ ውስጥ የሚያድረው ቍጥር እንደ ተራ ነገር የሚታይ አይደለም፤ የገበሬው ማሳ ልክ ነው። ይህ ቍጥር ቢጠፋ ገበሬው ከእርሻው ወይም ከአጨዳው ተጠርቶ እንደገና ድንበሩን ማሳየት ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ ለመሣሪያው ተጨማሪ ዕቃ የሚገዛ መሥሪያ ቤትም ሆነ ግለሰብ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ «ይህ ዕቃ የተለካውን ከመጥፋት ያድናልን?» ብሎ ነው።

የመጀመሪያው ነገር የባትሪ ድንጋይ ነው። ብዙዎቹ የእጅ መሣሪያዎች ደብል ኤ በሚባሉ 2 ድንጋዮች ይሠራሉ። ለምሳሌ ጋርሚን ኢትሬክስ 20 የተባለው በ2 ድንጋይ እስከ 25 ሰዓት እንደሚሠራ ሠሪው ያመለክታል፤ ነገር ግን መብራቱ ዘወትር ሲበራና ብርድ ሲበረታ ይህ ጊዜ ያጥራል። በርካሽ የሚሸጠው ተራ ድንጋይ ቶሎ ከመድከሙም በላይ ፈሳሽ አውጥቶ የመሣሪያውን ብረት ይበላል። ስለዚህ አልካላይን የተባለውን፣ ዘወትር ለሚሠራም በኤሌክትሪክ የሚሞላውን ዓይነት መግዛት ይሻላል። በደጋው ብርድ ለሚሠራ ደግሞ ሊትየም የተባለው ድንጋይ ብርድን የበለጠ ይቋቋማል። አልካላይኑ 1.5 ቮልት፣ የሚሞላው 1.2 ቮልት ስለሆነ፣ የገባው ድንጋይ ዓይነት በመሣሪያው ማስተካከያ ላይ ካልተመለከተ የቀረውን ኃይል የሚያሳየው ምልክት ያሳስታል። አሮጌና አዲስ ድንጋይ መቀላቀል አይገባም። መሣሪያው ለብዙ ጊዜ የሚቀመጥ ሲሆንም ድንጋዩን ማውጣት ተገቢ ነው። ወደ መስክ የሚወጣ ሰው ከመሣሪያው ውስጥ ካለው ሌላ አንድ ሙሉ ጥንድ ይዞ ይውጣ።

ሁለተኛው ሚሞሪ ካርድ ነው። ካርድ ከመግዛት በፊት መሣሪያው የካርድ ማስገቢያ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ኢትሬክስ 10 የካርድ ማስገቢያ የለውም፤ ኢትሬክስ 20 እና 30 ግን ከባትሪው ሥር ማይክሮ ኤስዲ የተባለውን ትንሽ ካርድ ይቀበላሉ። ትልቅ ካርድ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ከ2 እስከ 32 ጊጋባይት ያለው ካርድ ኤስዲኤችሲ ይባላል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ኤስዲኤክስሲ የሚባል ሲሆን መረጃ የሚይዝበት ሥርዓት የተለየ ስለሆነ ብዙ የእጅ መሣሪያዎች ሊያነቡት አይችሉም። የአንድ ማሳ ዙሪያ በ200 ነጥብ ቢመዘገብ ወደ 30 ኪሎባይት ያህል ይሆናል እንበል፤ በዚህ ስሌት 4 ጊጋባይት ካርድ ከ100,000 ማሳ በላይ ይይዛል ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ የካርታ ሥዕል የማይጭን ሰው ከ8 ጊጋባይት በላይ መግዛት አያስፈልገውም። በካርዱ ላይ የሚታየው 4 ወይም 10 የሚል የፍጥነት ምልክትም በሰከንድ ቢያንስ ስንት ሜጋባይት ሊጻፍበት እንደሚችል የሚገልጽ ነው። የማሳ ልክ ለመጻፍ ዝቅተኛው ይበቃል።

በገበያ ላይ ከእውነተኛ መጠኑ የበለጠ ቍጥር የታተመበት ሐሰተኛ ካርድ መኖሩን ማወቅ ይገባል። እንዲህ ያለው ካርድ ሲሞላ ስሕተቱን ሳይናገር የተጻፈበትን ያበላሻል። የተገዛውን ካርድ በኮምፒዩተር እስኪሞላ ድረስ ጽፎ፣ የተጻፈው ሁሉ መነበቡን አረጋግጦ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሥራ ማስገባት መልካም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ነው። ብዙ የእጅ መሣሪያዎች የተለካውን የሚጽፉት በካርዱ ላይ ሳይሆን በውስጣቸው ባለው ቋት ነው፤ ካርዱ ይልቁንም ለካርታ የተዘጋጀ ነው። ካርድ ስላስገባ ብቻ ሥራው የተጠበቀለት የሚመስለው ሰው መሣሪያው ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ ባዶ ካርድ ይዞ ይቀራል። ስለሆነም አንድ ማሳ ለሙከራ ለክቶ፣ ካርዱን አውጥቶ በኮምፒዩተር በመመልከት የተለካው የት እንደ ተጻፈ ማረጋገጥ ያሻል። ከዚያም በየማታው ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆነው የዩ.ኤስ.ቢ. ገመድ ነው። የብዙዎቹ የኢትሬክስ መሣሪያዎች ገመድ ከዛሬው የስልክ ገመድ የተለየ ጫፍ ስላለው፣ አንድ ትርፍ ገመድ መያዝ ከትልቅ ካርድ ይልቅ ይጠቅማል።

ከዚህ ቀጥሎ ማኅደርና ማንገቻ ይመጣሉ። መሣሪያው ውሃ የማያስገባ ቢሆንም፣ ይህ የሚሆነው የባትሪው ክዳንና የገመዱ ማስገቢያ ላስቲክ በደንብ ሲዘጉ ነው። በክረምት ጭቃ ውስጥ ለሚሠራ ሰው በአንገት የሚንጠለጠል ማንገቻ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

በመጨረሻም ከተጨማሪ ዕቃ የማይገኘውን መናገር ያስፈልጋል። በገላጣ ሥፍራ የእጅ መሣሪያ ስሕተት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜትር ነው፤ በዛፍ ሥርና በገደል አጠገብ ይበልጣል። ይህን ስሕተት ካርድም ሆነ ማኅደር አይቀንሰውም። 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ማሳ፣ ይኸውም ሩብ ሄክታር፣ አንዱ ጎኑ በ3 ሜትር ቢረዝም 150 ካሬ ሜትር ወይም ከመቶ 6 ይሳሳታል። 500 ሜትር በ500 ሜትር በሆነ እርሻ ላይ ግን ያው 3 ሜትር ከመቶ 1 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መሣሪያው የሰብል ስፋት ለመገመት ደህና አገልጋይ ቢሆንም፣ የሁለት ጎረቤቶችን የድንበር ክርክር ለመፍረድ አይበቃም፤ ለዚያ ከፍ ያለ ትክክለኛነት ያለው ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ገዢ አስቀድሞ ጥሩ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ትርፍ ገመድ፣ ከዚያ ማንገቻና ማኅደር፣ በመጨረሻ መጠነኛ ካርድ ይግዛ። ገበሬውም ማሳው በተለካ ጊዜ ልኩ እንዲነበብለትና በወረቀት እንዲጻፍለት ይጠይቅ። መሣሪያው ቢጠፋ ወረቀቱ ይመሰክርለታል።